ሙዚቃው ሳይጀመር ግድግዳውን እዩ

የሙዚቃ ምሽት ወይም የሥዕል ዐውደ ርእይ ማስታወቂያ ሲወጣ ዓይናችን ቶሎ የሚፈልገው ስም ነው። ማን ይጫወታል? የማን ሥራ ይታያል? መግቢያው ስንት ነው? በስንት ሰዓት ይጀመራል? ዝግጅቱን የሚያስተናግደው ቤት ለብዙዎቻችን ጣሪያና ወንበር ነው እንጂ ሌላ አይደለም። መካኒሳ ወደሚገኘው ዞማ ሙዚየም የሚሄድ ሰው ግን በዚህ ልማድ ከሄደ ብዙ ያመልጠዋል። እዚያ የመጀመሪያው ትርዒት ግድግዳው ነው፤ ከጭቃና ከጭድ የቆመ፣ በእጅ የተለሰነ፣ በእጅ የተቀረጸ ግድግዳ። ስለዚህ በሚቀጥለው ዝግጅት ላይ ለመገኘት ላሰባችሁ ሁሉ ምክሬ አንድ ነው። አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱና ያቺን ሰዓት ለግድግዳው ስጧት። ከዚያ በኋላ የምትሰሙትን በሌላ ጆሮ ትሰሙታላችሁ፣ የምታዩትንም በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ።

ዞማን የመሠረቱት አንትሮፖሎጂስቷና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ እና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ናቸው። ስያሜው ለወጣት ሠዓሊ ዞማ ሽፈራው መታሰቢያ ነው። ቀድሞ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በሙዚየምነት በሩን ከፈተ። ቦታው ሲጀመር የተበከለና ማንም የማይመኘው መሬት ነበር። ዛሬ የሥዕል አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ የአትክልትና የመድኃኒት ዕፅዋት ቦታ፣ ከብቶች፣ ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ደጅ አለው። ሠዓሊው፣ ሙዚቀኛው፣ አትክልተኛው፣ ተማሪው በአንድ ግቢ ይውላሉ። ዞማ የሙከራ ቦታ የሚባለውም በዚህ ነው። የሚሞክረው ነገር ግልጽ ነው፤ አያቶቻችን ቤት ሲሠሩበት የኖሩት ሙያ የዘመኑን ጥበብ መሸከም ይችላል ወይ? መልሱ ግቢው ውስጥ ቆሞ ይታያል።

በአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የጎደለ ኑሮ ነው፤ ገንዘብ ሲገኝ ፈርሶ በብሎኬት የሚተካ፣ እስከዚያው ድረስ የሚታገሡት ቤት። ይህ አመለካከት ከቤቱ ጋር ሙያውንም አዋርዶታል። ሙያው ምን ያህል እንደሚጠይቅ ለመረዳት ግን ቤቱ እንዴት እንደሚቆም ልብ ማለት ይበቃል። ጉድጓድ ተቆፍሮ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ይተከላሉ። ማገሩ ከውስጥም ከውጭም በአግድም ይመታል ወይም ይታሰራል። አፈሩ ይመረጣል፤ ጠጠሩ ይለቀማል፤ ውኃ ይጠጣል። የጤፍ ጭድ ይነሰነስበትና በእግር ይረገጣል። ከዚያ ይተዋል፤ እንዲቦካ።

የዚህ ሁሉ ምክንያት በጭቃው ጠባይ ውስጥ ነው። ሸክላነት ያለው አፈር ውኃውን ሲጥል ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ጭዱ በየአቅጣጫው ተሰራጭቶ ስለሚይዘው ግድግዳውን ለሁለት ሊከፍል የነበረው ትልቅ ስንጥቅ ዓይን በማይጎዱ ጥቃቅን ስንጥቆች ተበታትኖ ይቀራል። ሲቦካ ደግሞ ጭዱ ይላላል፤ ከእሱ የሚወጣው አጣባቂ ነገር ከአፈሩ ጋር ይዋሐዳል። በደንብ የቦካ ጭቃ በጠረኑም በመዳፍ ላይ ባለው አያያዝም ይታወቃል። ሲጫን ይታዘዛል፣ ሲለቀቅ ቅርጹን ይይዛል። መራጊው ይህን የሚለካው በእጁ ነው፤ ሌላ መለኪያ የለውም፣ አያስፈልገውምም።

የመጀመሪያው ምርግ ወፍራም ነው። ከሁለት በኩል በማገሩ መካከል እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ የሚቀጥለው ንብርብር የሚይዝበትን ሻካራ ገጽ ያዘጋጃል። በላዩ ላይ የተነፋ አፈርና ደቀቅ ያለ ጭድ ተቀላቅሎ፣ በብዙ አገር እበትም ተጨምሮበት፣ ልስኑ ይመጣል። መዳፍ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ጎን ይሄዳል። በየቤታችን ይህን ሥራ ከእናቶቻችን የበለጠ የሚያውቀው አልነበረም። ለበዓል ግድግዳ ሲለሰን መዳፋቸው ያረፈበት ቅስት ግድግዳው ላይ ይነበብ ነበር።

ዞማ ይህን ሁሉ ይቀበልና አንድ እርምጃ ይጨምራል። ልስኑ ካለቀ በኋላ ግድግዳው ይቀረጻል። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላችሁ አንድ ክንድ የሚያህል ስፋት ብቻ ምረጡና እዩት። መስመሮች ይሄዳሉ፤ ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት እንደጠበቁ። አንድ ቦታ ላይ ይታጠፋሉ፤ አንዱ ሲታጠፍ ሌሎቹም ይከተሉታል። ክቦች ይመጣሉ፤ መስመሩ ክቡን ዞሮ ያልፋል እንጂ አያቋርጠውም። ቀጥ ያለ መስመር ፈልጋችሁ ብታጡ አትገረሙ፤ በማስመሪያ የተሠራ ነገር የለም። ግን የተዛባ መስመርም አታገኙም። በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ክፍተት የተጠበቀው በዓይንና በእጅ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ግድግዳው የተረጋጋ ሆኖ ሳለ ሕይወት ያለው የሚመስለው።

እዚህ ላይ ትልቁ ችሎታ ጊዜን ማወቅ ነው። ጭቃ የሚቀረጽበት ሰዓት አጭር ነው። ውኃው ገና ካለ የተነሳው መስመር ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠርዙም ይሟሽሻል። ውኃውን ጨርሶ ከጣለ ደግሞ መሣሪያው ሲነካው ይፈረፈራል፤ ጭዱም ከውስጥ እየተነቀለ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ እንደ ፀሐዩ፣ እንደ ነፋሱ፣ እንደ ግድግዳው አቅጣጫ ትለያያለች። በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ በጧት ይደርቃል፤ ጥላ ያለበት ይዘገያል። ስለዚህ ሠሪው በአንድ ቀን ሊለስን የሚችለው በዚያው ቀን ሊቀርጽ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። የትናንቱ ሥራ ካቆመበት የዛሬው ሲቀጥል መጋጠሚያው ይታያል ብላችሁ ፈልጉት። መስመሩ ከትናንት ወደ ዛሬ ሳያመነታ ሲሻገር ስታዩ፣ በዚያ ግቢ ካለው የእጅ ሥራ ሁሉ ከባዱን አያችሁ ማለት ነው።

ቀደም ብላችሁ ድረሱ ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ብርሃኑ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ናት። በዚያ ሰዓት የተቀረጸው ግድግዳ ጥላው ወደ ታች ብቻ ይወድቃል። አሥር ሰዓት ሲያልፍ ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። በዚያን ጊዜ የእያንዳንዱ መስመር አንድ ጎን ይበራል፣ ሌላው ጎን ይጠቁራል። የጣት ጥፍር የሚያህል ከፍታ ያለው ጠርዝ ሳይቀር ጥላ ይጥላል። ቀለም ያልተቀባ ግድግዳ፣ የአፈሩ መልክ ብቻ ያለው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከቢጫ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር የሚደርስ ብዙ ዓይነት መልክ ያሳያል። ይህ በአጋጣሚ የሚገኝ ውበት አይደለም። ቀራጩ የመስመሩን ጥልቀት ሲወስን ጥላው የት እንደሚወድቅ አብሮ ይወስናል።

የጭቃ ግድግዳ ጠላት ዝናብ ነው። ይህን የሚያውቅ ሠሪ የጣሪያውን ክፈፍ ያረዝማል፤ የግድግዳውን እግር ከመሬት ከፍ አድርጎ በድንጋይ ላይ ያቆማል። ክረምት ሲያልፍ ደግሞ ግድግዳው ይጎበኛል፤ የተሸረሸረው ይደፈናል፣ የላላው ይጠብቃል። አንዳንዱ ሰው ይህን የጭቃ ድክመት ይለዋል። እኔ ከብርታቱ እቆጥረዋለሁ። ጥገና የሚፈልግ ግድግዳ ጠጋኝ ይፈልጋል፤ ጠጋኙ ደግሞ ሙያውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አለበት። ሙያው በሰው እጅ ውስጥ እስካለ ድረስ ግድግዳው ይኖራል። አንዴ ተሠርቶ የሚረሳ ግድግዳ ይህን ትስስር አይፈጥርም።

አሁን ወደ ውስጥ ግቡ፤ ወደ ሥዕሎቹ። ኤልያስ ስሜ በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ለረጅም ዓመታት የሠራበት መሣሪያ መርፌ ነው። በሸራ ላይ በክር፣ በቁልፍ፣ በጨርቅ ቁራጭ ይሰፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ዞረ፤ የተጣለ ኮምፒውተር፣ የተፈታ ሬዲዮ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከመላው ዓለም መጥቶ እዚህ የሚያርፈው ዕቃ ሁሉ ወደሚሸጥበት። በሽቦ፣ በማዘርቦርድ፣ በኪቦርድ ቁልፎች የሠራቸው ሰሌዳዎች ታይትሮፕ በሚል የወል ስም ይታወቃሉ። ስሙ የተወጠረ ገመድ ላይ የሚራመድን ሰው ሚዛን ያነሳል፤ በአንድ በኩል ቴክኖሎጂው፣ በሌላ በኩል የሰው ልጅ ከመሬትና ከሌላው ሰው ጋር ያለው ኑሮ። እነዚህ ሥራዎች በ2019 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት በሃሚልተን ኮሌጅ ዌሊን ሙዚየም በሰፊ ዐውደ ርእይ ቀርበዋል፤ በ2022 ደግሞ ኤልያስ በቬኒስ ቢያናሌ ዋና ዐውደ ርእይ ላይ ከተመረጡት ሠዓሊያን አንዱ ነበር።

ከሩቅ ስታዩት ሰሌዳው ከአውሮፕላን ላይ የታየ አገር ነው። የታረሰ መሬት፣ ወንዝ፣ የከተማ መንገድ። ስትቀርቡ መሬቱ ሽቦ ይሆናል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ነጭ ሽቦ፤ ቀለሙ ፋብሪካ የሰጠው የሽቦው ልባስ ነው። ሠዓሊው አረንጓዴ ሲፈልግ አረንጓዴ ሽቦ እስኪያገኝ መልቀምና መጠበቅ አለበት። ለዚህ ነው የቀለሙ ለውጥ ዝግ ያለው፤ ከአንዱ አረንጓዴ ወደ ሌላው አረንጓዴ የሚደረገው ጉዞ የብዙ ወራት ለቀማ ነው። ሽቦው ይገመዳል፣ ይጎነጎናል፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይያዛል። አንድ ረድፍ ከሌላው ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ እዩ። እንደ ጥሩ የመሶብ ስፌት ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ከበታቹ ያለውን ይዞ ያጠብቃል፣ ከበላዩ ለሚመጣው ደግሞ ቦታ ያዘጋጃል፤ ክፍተት ብትፈልጉ የመርፌ ጫፍ የሚያስገባ አታገኙም።

ከዚያ ተመለሱና ግድግዳውን እንደገና አስቡ። የሽቦው ረድፍና የጭቃው መስመር አንድ ሕግ ይከተላሉ። አንድ መስመር ይወጣል፤ የሚቀጥለው ያንን አክብሮ ይሄዳል፤ እንቅፋት ሲመጣ ሁሉም አብረው ይዞራሉ። ሁለቱም የሚሠሩት ከትንሹ ተነሥቶ ነው፤ ትልቁ መልክ የሚገኘው ትንሹ በትክክል ከተደጋገመ ብቻ ነው። ሁለቱም ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ነገር፣ አንዱ አፈርን ሌላው የተጣለ ሽቦን፣ በትዕግሥት ብቻ ወደ ክብር ያደርሳሉ። የኤልያስን ሥራ ‹ቆሻሻ መልሶ መጠቀም› ብሎ ማለፍ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው። ዕቃው ከየት እንደመጣ መናገር ቀላል ነው። እጁ ምን እንዳደረገበት ለመናገር ግን ቀርቦ ማየት ይጠይቃል።

ሙዚቃውስ? ሙዚቃ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሞዛርት የተወለደበት 250ኛ ዓመት በቪየና ሲከበር፣ ዳይሬክተሩ ፒተር ሴላርስ ባዘጋጀው ኒው ክራውንድ ሆፕ ፌስቲቫል ላይ መስከረም አሰግድ የኢትዮጵያ ሠዓሊያንን ሥራ ይዛ ተገኝታለች። በ2009 ደግሞ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የዋልት ዲዝኒ ኮንሰርት አዳራሽ፣ የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ በኤሳ ፔካ ሳሎነን መሪነት የስትራቪንስኪን ኤዲፐስ ሬክስ ሲጫወት፣ ሴላርስ መድረኩን ያዘጋጀው በኤልያስ ስሜ ዙፋኖች ነበር። በዚያው ዓመት ሴላርስና መስከረም አብረው ያሰናዱት የኤልያስ ዐውደ ርእይ በሳንታ ሞኒካ ሙዚየም ታየ። የቅርጽ ሥራ ኦርኬስትራና መዘምራን ባሉበት መድረክ ላይ ሲቆም ከባድ ፈተና ነው። ማስጌጫ ሆኖ ከቀረ ሙዚቃው ይውጠዋል፤ ከመጠን በላይ ከጮኸ ደግሞ ሙዚቃውን ይሸፍናል። በእጅ የተሠራ ዙፋን ያንን መድረክ ሊሸከም የቻለው በራሱ ክብደት ስላለው ነው።

የጭቃ ግቢ ለድምፅ የሚያደርገውም ነገር አለ። ሁለት ለስላሳ የሲሚንቶ ግድግዳዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ ድምፁን እየተቀባበሉ ያመላልሱታል፤ ጭብጨባ ሲመታ የሚንጫጫ ማስተጋባት ይሰማል። የተቀረጸና የታጠፈ ግድግዳ ግን ድምፁን በአንድ አቅጣጫ አይመልሰውም። መስመሮቹና ጉድጓዶቹ በተለይ ቀጫጭኑን ድምፅ ይሰባብሩትና ወደ ብዙ አቅጣጫ ይበትኑታል። ስለዚህ ለዓይን የተቀረጸው መስመር ለጆሮም ይሠራል። በዕፅዋት የተከበበ ደጅ ሲታከልበት፣ ብዙ ማጉያ ሳይፈልግ የሚሰማ መሣሪያ ቦታውን ያገኛል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የሚስማሙት ደግሞ የራሳችን መሣሪያዎች ናቸው።

ማሲንቆን ውሰዱ። ሙዚቀኛው ተቀምጦ ሲቃኝ ቀረብ ብላችሁ እዩት። አራት ሳንቃ በሰያፍ ተጋጥሞ የተሠራ ሣጥን ነው፤ ከፊትም ከኋላም የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮበታል። ቆዳው የሚወጠረው እርጥብ ሳለ ነው፤ ሲደርቅ ይከራል፣ ስፌቱንም አጥብቆ ይይዛል። እዚህም እንደ ጭቃው ሁሉ የሠሪው ዕውቀት ውኃው መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ላይ ነው። ክሩ አንድ ነው፤ ከፈረስ ጭራ የተሰበሰበ ብዙ ፀጉር በአንድነት የሚጮኽበት። ደጋኑም የታሰረው በዚያው በፈረስ ጭራ ነው፤ ሁለቱ እንዲያያዙ በዕጣን ይታሻሉ። ሙዚቀኛው ጭራውን ወደ አንገቱ እንጨት አይጫነውም። በጣቱ ከጎን ብቻ ይነካዋል። ጣቱ የሚያርፍበት ምልክት የለም፤ ቦታውን የሚያውቀው ጣቱ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን የሚለዩት ድምፆች በዚህ ምልክት በሌለው ርቀት ላይ ይገኛሉ። ማስመሪያ ሳይኖረው ክፍተት የሚጠብቀው የጭቃ ቀራጭና ምልክት ሳይኖረው ቅኝት የሚጠብቀው የማሲንቆ ተጫዋች አንድ ዓይነት ባለሙያዎች ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

በገና ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ፈልጉ። አሥሩ ጅማቶች ሲመቱ የሚሰማው ያ የሚርገበገብ ጥልቅ ድምፅ ከጅማቱ ብቻ አይመጣም። እያንዳንዱ ጅማት በሚያርፍበት በኩል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ ጅማቱ ሲርገበገብ እሷን እየነካ ያንን ድምፅ ያወጣል። እንዚራዋ ትንሽ ከተንሸራተተች ጅማቱ ያንን ድምፅ ያጣል። በገና ደርዳሪው መዝሙሩን ከመጀመሩ በፊት አጎንብሶ እንዚራዎቹን አንድ በአንድ ሲያስተካክል ትዕግሥት አጥታችሁ ወደ ስልካችሁ አትመለሱ። የዝግጅቱ ግማሽ እየተካሄደ ነው።

ለሚቀጥለው የሥዕል ዐውደ ርእይም ይህንኑ ዓይን ይዛችሁ ግቡ። ወጣት ሠዓሊያን ሥራቸውን ሲያቀርቡ የምንጠይቃቸው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ምን ለማለት ፈልገህ ነው፣ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ከእሱ በፊት የሚመጣ አለ፤ እንዴት ሠራኸው? እንዴት ሠራሽው? ሸራው በጠርዙ በኩል እንዴት እንደተወጠረ እዩ፤ ማዕዘኑ ላይ የታጠፈው ጨርቅ የሠዓሊውን ጥንቃቄ ይናገራል። ቀለሙ በጠርዙ ላይ አልቆ እንደሆነ ወይም ዞሮ እንደተሻገረ እዩ። ቅርጽ ከሆነ ጀርባውን እዩ፤ ተመልካች አያየውም ተብሎ የተተወ ጀርባ ስለ ፊቱም ይነግራችኋል። ሥራው ግድግዳው ላይ እንዴት እንደተሰቀለ እዩ። እንዲህ በተቀረጸ ግድግዳ አጠገብ የሚሰቀል ሥራ ተፎካካሪ አለው፤ ያንን ፉክክር ተቋቁሞ የቆመ ሥራ በእውነት የቆመ ነው።

ልጆች ካሏችሁ ይዛችሁ ኑ። ዞማ ትምህርት ቤት ያለው ግቢ ነው፤ እዚያ የሚማር ሕፃን ጭቃ የነካ እጁን ደብቆ አያድግም። ሌሎቹም ልጆቻችን ያንን ዕድል ቢያገኙ ብዙ ነገር ይቀየራል። ጭቃ የድህነት ምልክት ነው ብሎ ያደገ ልጅ፣ ጭቃ በእጅ ሲያምር ካየ በኋላ የአያቱን ቤት በሌላ ዓይን ያያል። ይህ የዞማ ዕውቀት ከግቢው ወጥቶ ለከተማው ተርፏል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ የተከፈተው የአንድነት ፓርክ ሲዘጋጅ መስከረምና ኤልያስ ተሳትፈውበታል። አንድ የሙከራ ቦታ ተሳካ የሚባለው የሞከረውን ነገር ሌላው ሲወስድለት ነው።

ይህን ሁሉ የምለው የምሰጋበት ነገር ስላለ ነው። አዲስ አበባ በፍጥነት እየፈረሰች እየተሠራች ነው። ከሚፈርሰው ውስጥ ብዙው ጭቃ ቤት ነው። ሰው የተሻለ ቤት ማግኘቱ መልካም ነው፤ በክረምት የሚያፈስ ጣሪያ ሥር መኖርን ማንም አይናፍቅም። ግን ከቤቱ ጋር ሙያው ሲፈርስ የምናጣውን አንተካውም። አፈር የሚመርጥ ሰው፣ ጭቃው መቼ እንደቦካ በጠረኑ የሚያውቅ ሰው፣ ልስኑ የሚቀረጽበትን ሰዓት በመዳፉ የሚለይ ሰው በመጽሐፍ አይገኝም። ከሌላ ባለሙያ ጎን ቆሞ፣ እጁን ጭቃ ውስጥ አስገብቶ ብቻ ነው የሚማረው። ዞማ ለዚህ ሙያ ሥራ ሰጥቶታል፤ ሥራ ብቻ ሳይሆን ከሁሉ የላቀ ደረጃ አስቀምጦለታል። ሙያ የሚኖረው ሲፈለግ ነውና፣ እንዲህ ዓይነቱን ግድግዳ የሚፈልጉ ሌሎች ቤቶችም መምጣት አለባቸው፤ የሙዚቃ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የቀበሌ መሰብሰቢያ፣ ቡና ቤት ሳይቀር።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ቀላል ነገር አለ፤ ዞማም ሆነ ሌሎቹ የሥነ ጥበብ ቦታዎች ዛሬ ሊጀምሩት የሚችሉት። የሚቀጥለው ዝግጅት ማስታወቂያ ሲታተም የሙዚቀኛው ስም በላዩ ይኖራል፤ የሠዓሊው ስምም ይኖራል። ከእነሱ ጎን ግድግዳውን የመረገው፣ የለሰነው፣ የቀረጸው ሰው ስም ይጻፍ። ማሲንቆውን የሠራው ሰው ስም ይጻፍ። አድማጭም ተመልካችም ያንን ስም ሲያነብ ማንን ፈልጎ ማሠራት እንዳለበት ያውቃል፤ ባለሙያውም ልጁን ወደ ሙያው ለማስገባት ምክንያት ያገኛል። ጥሩ ሥራን ማድነቅ እዚህ ድረስ መድረስ አለበት፤ ባለሙያውን በስሙ እስከመጥራትና ዋጋውን እስከመክፈል።